የንጉሡ ጥርጣሬና የገበሬው ላም

የጥበብን ዋጋና የሕይወትን ትርጉም መጠራጠር ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የአገር ውስጥ ምስክር ሲፈለግ ደግሞ ሁሉም ወደ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» ይሮጣል። ከዚያ ክርክሩ፣ «የጻፈው የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ?» ወደሚለው ይዞርና ጥርጣሬው ራሱ ይረሳል። እኔ ግን ደራሲው ሳያከራክረን አባቶቻችን ሲተረጉሙት የኖሩትን መጽሐፈ መክብብን እመርጣለሁ።

በመክብብ የሚናገረው ንጉሥ ነው። ቤት ሠርቷል፣ አትክልት ተክሏል፣ ጥበብም ሰብስቧል። በኋላ ግን ሊቁም ሰነፉም እኩል እንደሚሞቱ ሲያይ ድካሙ ሁሉ አስጠላው። እኛ አንባቢዎች ይህን ጥርጣሬ በመጨረሻው ምዕራፍ ምክር ቶሎ ሸፍነን እናልፈዋለን። ልብ ብሎ ላነበበ ግን እዚያ ላይ ተናጋሪው ተለውጧል። «እኔ» ይል የነበረው ዝም ብሎ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ያወራል። ስለዚህ ጥያቄው ተመለሰ ለማለት እኔ አልደፍርም።

ይሁንና በዚህ ሊቅ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በ4ኛው ምዕራፍ የተገፉ ሰዎችን እንባ ያያል፤ የሚያጽናናቸው አጥተዋል ብሎም ያዝናል። ከዚያስ? ከእነርሱ የሞቱት ይሻላሉ ብሎ ያልፋል። ንጉሥ ሆኖ!

ይህን ሳነብ የሚመጣብኝ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ ያለው የነአኩቶ ለአብ ገዳም ነው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገበታ ይጠራቀምና ጠበል ይሆናል። ስሙን የሰጠው ንጉሥ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ጻድቅ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚባለው ግን አጎቱ ላሊበላ ዙፋኑን ለቆለት 18 ወር እንደ ገዛ፣ ወታደሮች ለንጉሡ ማዕድ ብለው የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ወሰዱ። የላሊበላ ሚስት መስቀል ክብራ ይህን ስትሰማ ባሏን ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አደረገችው።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው፣ ለላስታ ገበሬ አንዲት ላም ምን እንደሆነች አይጠፋውም።

ትረካው እውነተኛ ታሪክ ይሁን አይሁን የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኔን የሚገርመኝ ጥያቄው ነው። መክብብ የጥበብን ዋጋ የሚለካው ለሊቁ በሚተርፈው ነገር ነው፤ ሲሞት ምንም አይተርፈውምና ከንቱ ይላታል። የላስታው ትረካ ግን የጻድቁን ንጉሥ ጾምና ጸሎት ትቶ የሚጠይቀው ከገበሬው በረት የወጣችውን ላም ነው። ከንቱነት በዚህ ሚዛን ከሞት በፊት ይታወቃል።

ትረካውም ቢሆን አይጠየቅም አልልም። እኔ በሰማሁት አተራረክ ዙፋኑ ወደ ላሊበላ ተመለሰ ተብሎ ያበቃል። ላሟ ወደ ባለቤቷ ተመልሳ እንደሆነ የሚናገር ቃል የለውም።