«እርጅና ብቻህን ና»፦ የወንድ ልጅ እርጅና በድርሰትና በመድረክ

ከአማርኛ ሥነ ቃል መካከል «እርጅና ብቻህን ና» የሚለውን ያህል በሦስት ቃላት ብዙ የሚናገር አባባል ጥቂት ነው። ተናጋሪው እርጅናን እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል። እንግዳው እንደማይቀር ያውቃል፤ በሩን ዘግቶ ሊመልሰው አይሞክርም። የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አጃቢዎቹን፣ በሽታንና ችግርን፣ ወደ ኋላ ትቶ እንዲመጣ ነው። አባባሉ ወጣትነት እንዲመለስ አይመኝም፤ ሞት እንዲርቅም አይማጸንም። የሚፈራው በገዛ እግር መቆምን ማጣትን፣ የሰው እጅ ማየትን ነው። በዚህች አጭር ልመና ውስጥ ፍርሃትና ክብር ጎን ለጎን ቆመዋል። ስለ እርጅና የሚጻፍ ድርሰትም እውነተኛነቱ ሊመዘን የሚችለው በዚሁ ልመና ነው፤ ደራሲው ያሳየው እንግዳውን ብቻ ነው ወይስ አጃቢዎቹንም ጭምር?

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ያረጀ ወንድ በመድረካችን ላይ ባመዛኙ በሁለት መልክ ይቀርባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው መካሪው ሽማግሌ ነው። ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ ጠበኞችን ሊያስታርቅ ወይም ወጣቱን ጀግና ሊመርቅ ብቅ ይላል፤ ምሳሌውን ተናግሮ፣ ጢሙን ዳብሶ ይወጣል። ሁለተኛው መሳቂያው ሽማግሌ ነው። ጆሮው አይሰማም፣ ያስለዋል፣ ጥርሱ ወልቋል፣ የልጅ ልጁን የምታህል ልጃገረድ ይመኛል፤ ተመልካቹም ገና ከጥጥ የተሠራውን ጢም ሲያይ መሳቅ ይጀምራል። ሁለቱ ሲታዩ ተቃራኒ ቢመስሉም ጉድለታቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው ምላስ እንጂ ሥጋ የለውም፤ የሁለተኛው ሥጋ ከማሳቅ ያለፈ ጉዳይ የለውም። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት የሚነሣው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት የጫማውን ማሠሪያ የሚያጠብቅ መስሎ የሚያርፈው፣ የደም ግፊት ኪኒኑን ከሚስቱ ደብቆ የሚውጠው ሰው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየመምህራን ማረፊያውና በየእድሩ ድንኳን ሞልቶ ሳለ መድረክ ላይ አይታይም።

ይህ የገጸ ባሕርይ አቀራረጽ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ምሳሌ ያለው ኅብረተሰብ፣ ወንድ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሕመሙን እንዲደብቅ ያሳድገዋል። ማቃሰት ነውር፣ መድከም ሽንፈት ሆኖ ይቆጠርበታል። ኪነ ጥበብ በዚህ ረገድ ዝም ባለ ቁጥር የድብቅነቱ ተባባሪ ይሆናል። እንግዲህ ዝምታውን የሰበሩት ድርሰቶች እንዴት እንደ ሰበሩት፣ የትስ ላይ እንደ ደከሙ መመርመር ለደራሲውም ለመምህሩም የሚበጅ ሥራ ነው።

ሊዮ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ከነዚህ ድርሰቶች ግንባር ቀደሙ ነው። ኢቫን ኢሊች በዛር ዘመን የነበረ የሩሲያ ዳኛ ነው፤ ሽማግሌም አይደለም፤ ሲሞት ገና 45 ዓመቱ ነው። አዲስ ቤቱን ሲያስጌጥ፣ መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ለሠራተኛው ሊያሳይ መሰላል ላይ ይወጣና አዳልጦት ጎኑን ይመታል። ከዚያች ቀላል ምት የጀመረው ሕመም እያደር ይብሳል። ሐኪሙ የሚጨነቀው ጥፋቱ የኩላሊት ነው ወይስ የትርፍ አንጀት በሚለው ክርክር ነው፤ በሽተኛው ማወቅ የሚፈልገው ግን ሕመሙ ያሠጋ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነው። ቶልስቶይ እዚህ ላይ ስለታም ትዝብት ያስገባል፤ ሐኪሙ ለኢቫን ኢሊች የሚያሳየው የኮራ ፊት፣ ኢቫን ኢሊች ራሱ በችሎት ለተከሳሾች ሲያሳይ የኖረው ፊት ነው። ባልደረቦቹ መሞቱን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለሚለቀው ወንበር ነው። ታሞ ሳለ ቤተሰቡ ደኅና የሚሆን እያስመሰለ ይዋሸዋል፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚያሰቃየውም ይኸው ውሸት ነው።

የማይዋሸው ገራሲም የተባለው የገጠር ልጅ ነው። የጌታውን እግር በትከሻው ደግፎ ሌሊቱን ይቀመጣል፤ ሁሉም ሟች መሆኑን ስለሚያውቅ ሰውን መርዳት አያሳፍረውም። የድርሰቱ ኃይል በዚህ ትዕይንት ላይ ነው፤ የታመመ ሰው ከመድኃኒቱ እኩል እውነትና እጅ እንደሚያስፈልገው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጥቂት ነው። ድክመቱም የሚገኘው እዚያው ነው። ገራሲም ከጉልበትና ከደግነት በቀር ሌላ ሕይወት አልተሰጠውም። ነገ ጉልበቱ ሲከዳው የእሱን እግር ማን ይደግፍለታል? ቶልስቶይ ይህን ሳይጠይቅ ጀግናውን በመጨረሻው ሰዓት ወደሚታየው ብርሃን ያሻግረዋል። መጨረሻው ያጽናናል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ሳይመልስ ነው።

አንቶን ቼኾቭ በዚህ ረገድ ይበልጥ ጨካኝ፣ ይበልጥም ሐቀኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 «አሰልቺ ታሪክ»ን ሲያሳትም 29 ዓመቱ ነበር፤ ባለታሪኩ ኒኮላይ ስቴፓኖቪች ግን የ62 ዓመት የሕክምና ፕሮፌሰር ነው። ስሙ በመላ አገሩ የታወቀ፣ ሰውነቱ ግን የደከመ፣ ጥርሱ ሰው ሠራሽ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር ኖሮ አሁን ከግማሽ ሰዓት በላይ መናገር ያቅተዋል። እንደማይድን ያውቃል። ሆኖም ለሌላ ሐኪም አይታይም፤ ራሱን በራሱ ይመረምራል፤ የሕክምና መጻሕፍቱን እያገላበጠ በየቀኑ መድኃኒት ይቀያይራል፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል በሚል ተስፋ። ይህ ከንቱ መሆኑን እያወቀ መተው አይችልም። ቼኾቭ ራሱ ሐኪም ነበርና፣ ዕውቀት ያለው ወንድ ከማይሙ ይልቅ በዘዴ ራሱን እንደሚያታልል ማየት ችሏል። ይህን ክፍል ያነበበ የተማረ ጎልማሳ ራሱን ሳያገኝበት አይቀርም።

ታሪኩ ግን በጤና ጉዳይ ብቻ አይቆምም። እንደ ልጁ ያሳደጋት ካትያ ኑሮ ጨለማ ሆኖባት ምን ላድርግ ብላ ስትጠይቀው ፕሮፌሰሩ የሚመልሰው ያጣል። ሰውነቱ ሲከዳው ነው ሐሳቡንና ስሜቱን ሁሉ የሚያስተሳስር አንድ እምነት እንዳልነበረው የሚገለጥለት። ሕመሙ ባዶነቱን አልፈጠረውም፤ ሲሸፍነው የነበረውን ሥራና ዝና ገፈፈው እንጂ። እርጅና ብቻውን አልመጣም፤ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የቆየ ሒሳብ ይዞ መጣ። ቼኾቭ ይህን ካሳየ በኋላ መውጫ አያበጅም፤ ካትያ ወደ ኋላ ሳትመለከት ትሄዳለች፤ ሽማግሌው ብቻውን ይቀራል። ጸሐፊው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1904 በ44 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተ፣ የሳለውን ዕድሜ ሳያየው ቀርቷል።

የኧርነስት ሄሚንግዌይ «ሽማግሌውና ባሕሩ» (እ.ኤ.አ. 1952) ከሁለቱ በተቃራኒ ጫፍ ይቆማል። የኩባው ዓሣ አጥማጅ ሳንቲያጎ 84 ቀን ሙሉ አንድም ዓሣ አልያዘም። በ85ኛው ቀን ከጀልባው የሚረዝም ዓሣ ይይዛል፤ ሻርኮቹ ግን ሥጋውን በልተው ዐፅሙን ብቻ ያስቀሩለታል። አንባቢ ብዙ ጊዜ ይህን መጽሐፍ የማይበገር ጉልበት መዝሙር አድርጎ ይወስደዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሳንቲያጎ ስለ ጉልበቱ የሚያስብ ሳይሆን ጉልበቱን የሚቆጥብ ሰው ነው። ሌሎቹ አጥማጆች ጣዕሙን የሚጸየፉትን የሻርክ ጉበት ዘይት ለዐይኑና ለጉንፋን ብሎ በየቀኑ ይጠጣል። ባሕር ላይ ሳለ ባይርበውም ኃይል እንዲሆነው ጥሬ ዓሣ ይበላል። ግራ እጁ ተኮማትሮ አልታዘዝ ሲለው ይቆጣዋል፣ ከዚያም ይታገሠዋል። ሰውነቱን እንደ መሣሪያው፣ እንደ ገመዱና እንደ ሸራው ይጠብቀዋል። ጤናን መጠበቅ ለሠራተኛ ሰው የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የሥራው አካል መሆኑን ይህ ድርሰት ያለ ስብከት ያሳያል።

ቢሆንም መጽሐፉ አደገኛ ውበት አለው። ብቻውን የሚታገል ወንድ ያምራል፤ ዝምታውም ያምራል። ሳንቲያጎ ራሱ ግን በዚያ ውበት አይታለልም፤ በትግሉ መካከል ልጁ ማኖሊን አብሮት በነበረ ኖሮ እያለ ደጋግሞ ይመኛል። ቡና የሚያመጣለት፣ የቆሰሉ እጆቹን አይቶ የሚያለቅሰው ማኖሊን ነው። የመጽሐፉን ፍሬ ነገር ከሻርኮቹ ጋር በተደረገው ውጊያ ላይ ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ግማሹን ጥሎት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሄሚንግዌይ፣ ጤናው ከተናጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 62 ዓመት ሳይሞላው በገዛ እጁ ሕይወቱን ማጥፋቱ፣ ብቻን የመቻል ውበት ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያስታውሳል።

ወደ አገራችን ሥነ ጽሑፍ ስንመለስ የሐዲስ ዓለማየሁ ፊታውራሪ መሸሻ ከፊት ይቆማሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» እኒህን ዕድሜያቸው የገፋ ባላባት የሚያሥቅ አድርጎ ሲያቀርባቸው፣ ሣቁ ከጥጥ ጢም የሚመጣ ሣቅ አይደለም። ፊታውራሪው በወጣትነታቸው የነበራቸውን ክንድ ዛሬም ያላቸው ይመስላቸዋል፤ ጉልበታቸውንና ሹመታቸውን ለያይተው ማየት አይችሉም። ገባሮቻቸውን ሊቀጡ ዘምተው በገባሮቻቸው ሲማረኩ የሚወድቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንድ ያረጀ ሰውና አንድ ያረጀ ሥርዓት። ደራሲው የሚሥቀው በሽበታቸው ሳይሆን ሽበታቸውን በማይቀበለው ትዕቢታቸው ላይ ነው። በመድረክ ላይ ሽማግሌን አስቂኝ ማድረግ የሚሻ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ልዩነት ከዚህ መጽሐፍ ሊማር ይገባዋል።

ሕይወት ራሷም ለደራሲ የምታበረክተው ምሳሌ አላት። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የማራቶንን ወርቅ ሲያገኝ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በ40 ዓመቱ በሙኒክ በዚያው ርቀት ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ተሸለመ። ዘፈንና ግጥም ዘወትር የሚሮጡት ወደ ወርቁ ነው። ለተውኔት ግን ነሐሱ ይበልጥ የበለጸገ ነው፤ ከወጣቶች መካከል ተሰልፎ፣ የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ፣ ሰውነቱን እያዳመጠ የሚሮጥ የ40 ዓመት ሰው በውስጡ ስንት ንግግር ይዞ ይሆን? አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሰልፏል። የዓለምን ርቀት በባዶ እግሩ ያሸነፈ ሰው በክንዱ እንደ አዲስ ሲጀምር፣ ያ ጅማሬ ከድሉ የሚያንስ ርእስ አይደለም።

የዛሬ ደራሲ ከቼኾቭ ዘመን የበለጠ ዕውቀት በእጁ አለ። የደም ግፊት ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 ከደረሰ ወንዶች ግማሽ ያህሉ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ እንደሚያጋጥማቸውና ይህም ከነቀርሳ የተለየ እንደሆነ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች፣ አረጋውያንም ጭምር፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ 65 ዓመት የሞላቸውም በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር ልምምድ እንዲጨምሩ ይመክራል። እነዚህ ነገሮች በግድግዳ ላይ ሊለጠፉ ይችላሉ፤ ተውኔት ግን የግድግዳ ማስታወቂያ አይደለም። የተውኔት ድርሻ መመሪያውን የሚያውቀው ሰው ለምን ወደ ሐኪም እንደማይሄድ ማሳየት ነው።

ለዚህም ቁሳቁሱ ሩቅ አይደለም። ጎሕ ሲቀድ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ከወጣቶቹ ኋላ ቀስ እያለ የሚወጣው ጡረተኛ አለ። በፍል ውሃ ጉልበቱን የሚያፍታታው፣ እዚያም ከማያውቀው ሰው ጋር ለልጆቹ ያልነገረውን ቁርጥማት የሚጫወተው አለ። ጠዋት ጠዋት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የሚውጥ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል ግን የሚቆጣ አለ። ከእነዚህ አንዱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሳያስተምርና ሳያሥቅ፣ ለገዛ ልጁ «አሞኛል» የምትለውን ቃል ለመናገር ሲታገል የሚታይበት ተውኔት ቢጻፍ፣ ከአዳራሹ ሲወጣ አባቱን የሚያስብ ተመልካች አይጠፋም።

አባባሉ እርጅና ብቻውን እንዲመጣ ይለምናል። እንግዳውን የሚቀበለው ሰው ግን ብቻውን ሆኖ እንዲቀበለው የሚል ቃል በውስጡ የለም። ገራሲም፣ ካትያና ማኖሊን በሦስቱ ድርሰቶች ውስጥ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። የአማርኛ ድርሰትም ያረጀውን ወንድ ከሐውልትነትና ከመሳቂያነት አውጥቶ፣ እጁን የሚይዝ ሰው አጠገቡ ሊያቆምለት ይገባል።