ዝጉ መስኮት

ከሃይፋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ፣ ነሸር የምትባል ከተማ አለች። ስሟን የወረሰችው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ቃሉ ዕብራይስጥ ቢሆንም የአማርኛ አንባቢ አስተርጓሚ አያሻውም፤ ንስር ማለት ነው። ዐረቦችም «ነስር» ይላሉ። የከተማዪቱ ስም በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ ግን «ነስር» ተብሎ አይተረጎምም፤ «ኔሸር» ተብሎ ድምፁ ብቻ ይገለበጣል። ሁለቱ እኅትማማች ቃላት አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አይተዋወቁም።

ነስርን ቁርኣን ውስጥም እናገኘዋለን። በኑሕ ምዕራፍ (71፥23) ሕዝቡ አንተዋቸውም ያላቸው አምስት ጣዖታት በስም ሲጠሩ የመጨረሻው እሱ ነው። ምዕራፉን ሳነብ ሁልጊዜ የሚይዘኝ ይህ ቦታ ነው። ኑሕ (ኖኅ) ሌትም ቀንም፣ በይፋም በምስጢርም እየተጣራ፣ ዝናቡን፣ ሰማዩን፣ የሰውን አፈጣጠር እያነሣ ይለምናል። የሕዝቡ መልስ የስም ዝርዝር ነው። ክርክር የለውም፤ ስም ብቻ። ለረጅሙ ስብከት የተሰጠው ምላሽ አጭርነቱ ከማንኛውም ስድብ ይከፋል።

ይህ ነስር የማን ቃል ነው? ማንም ከማንም አልተበደረውም፤ ግእዝም ዕብራይስጥም ዐረብኛም ከአንድ እናት የወረሱት ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው በእኛ ዘንድ ከግእዝ ጋር የሚመሳሰል የቁርኣን ቃል በተገኘ ቁጥር «የኛ ነው» ማለት ስለሚቀናን ነው። ጉዳዩ የቆየ ነው። ቁርኣን በግልጽ ዐረብኛ መውረዱን ደጋግሞ ይናገራልና ኢማም ሻፊዒ (እ.ኤ.አ. በ820 ያረፉት) በውስጡ ባዕድ ቃል አለ መባሉን አጥብቀው ተቃወሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ያረፉት የቁርኣን ተንታኝ ጦበሪ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ መገኘቱ መበደርን አያስረዳም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1505 ያረፉት ሱዩጢ ግን የሐበሻ ናቸው የተባሉትን ቃላት ሳያፍሩ ዘርዝረው ጻፉ። የአውሮፓ ሊቃውንት፣ ኖልደከ እ.ኤ.አ. በ1910፣ ጄፍሪ በ1938፣ የመጡት በዚሁ በተጠረገ መንገድ ነው።

ለነስር የጦበሪ ሚዛን ይበቃል። ለ«ሚሽካት» ግን አይበቃም። በብርሃን ምዕራፍ (24፥35) የአምላክ ብርሃን በምሳሌ ሲነገር መብራቱ በብርጭቆ ውስጥ፣ ብርጭቆው በሚሽካት ውስጥ ነው። የቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ ሳይቀር ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ ቀዳዳ ማለት ነው የሚል ትርጓሜ መዝግቧል። የእኛው መስኮት ነው። ዐረብኛ ውስጥ ግን መስኮቱ ተደፍኗል፤ ሚሽካት ወደ ውጭ የማያሳልፍ፣ መብራት የሚቀመጥበት የግድግዳ ጎድጓዳ ነው። በገጠር ቤት በጭቃ ግድግዳ ላይ ኩራዝ የሚያርፍበትን፣ ጣራው በጥላሸት የጠቆረውን ስርጉድ ያየ ሰው ምሳሌው ወዲያው ይገባዋል። ጎድጓዳው ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ሐሳቡ የተሠራው በዚህ ለውጥ ነው፤ መስኮት ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ ከውጭ ይገባ ነበር፣ እዚህ ግን ውስጥ ይነድዳል።

ቃሉ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ሐጂ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ ቁርኣን አዲስ አበባ ላይ ሲታተም። ተርጓሚዎቹ «መስኮት» ብለው ከጻፉ በኋላ «ዝግ» የሚል ቃል በቅንፍ ጨመሩበት። ከዚያች ቅንፍ የበለጠ የቋንቋ ታሪክ የያዘ ነገር በአማርኛ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ አላየሁም። ከቤቱ ተከፍቶ የወጣው መስኮት ሲመለስ በእጅ መዘጋት ነበረበት። ደግሞም የእስልምናው ሊቅ ገዛሊ በዚሁ ቃል በሰየሙት ድርሰታቸው ሚሽካትን በስሜት ሕዋሳት ሲተረጉሙ ምክንያታቸው ዐይን፣ ጆሮና አፍንጫ ብርሃን የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች መሆናቸው ነው። ግእዝ ይወቁ አይወቁ፣ የተደፈነውን መስኮት መልሰው ሸንቁረውታል።

ሁሉም ቃል ግን ሲመለስ አልተቸገረም። በማእድ ምዕራፍ (5፥112) ሐዋርያት ከሰማይ ማእድ እንዲወርድላቸው ዒሳን ሲጠይቁ «ሐዋሪዩን» እና «ማኢዳ» ለአማርኛ አንባቢ ያለ ምንም ቅንፍ ገብተዋል። እዚያ ጭንቅ የለም፤ ቃላቱ በሁለቱም ቤት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ጭንቁ «ሙናፊቅ» ላይ ነው። ሥሩ የግእዙ «ናፈቀ» ነው፤ መጠራጠር፣ ለሁለት መከፈል፤ «መንፈቅ» ዛሬም የአንድ ነገር እኩሌታ ነው። ቁርኣን ቃሉን የያዘው በአፉ አምኖ በልቡ ለካደ፣ በሁለት ልብ ለሚኖር ሰው ነው። በአማርኛ ግን መናፍቅ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚያስበው አርዮስን ነው፤ የሚያምነውን በአደባባይ የተናገረ፣ በጉባኤ የተከራከረ፣ ስለዚህም የተወገዘ ሰው። ሙናፊቅ ይደብቃል፤ መናፍቅ አይደብቅም። የአማርኛው ትርጉም «መናፍቃን» ብሎ አለፈ። መስኮቱን ለመዝጋት ቅንፍ ያልሰሰቱ ተርጓሚዎች ለዚህኛው አንድም ቃል አልጨመሩለትም፤ ሊጨመርለት ይገባ የነበረው ግን ይኸኛው ነበር።