ጌጥና ክፍልፋይ፦ የቤልፋስቱ ክራውን መጠጥ ቤት እንደ ሕንፃ

በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ስላለው ክራውን ሊከር ሳሎን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከጌጡ አያልፍም። ጌጡ በእርግጥም ዓይን ያጠግባል። በግሬት ቪክቶሪያ ጎዳና በኩል ያለው የታችኛው ግንባሩ በኅብረ ቀለም ሴራሚክ ተለብጧል፤ መግቢያው ወለል ላይ በጥቃቅን ጠጠር የተሠራ ዘውድ አለ፤ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ናቸው፤ ባንኮኒው በግራናይት ተከድኗል፤ ከላይ የተቀረጸው ጣሪያ በጋዝ መብራት ይታያል። ቤቱን ይህን መልክ ያስያዘው ፓትሪክ ፍላኒጋን የተባለው ባለቤቱ ሲሆን ዘመኑም 1880ዎቹና 1890ዎቹ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ክራውንን ክራውን ያደረገው አከፋፈሉ ነው፤ ከጌጡ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባውም እሱ ነው።

ከባንኮኒው ፊት ለፊት ከ«ኤ» እስከ «ጄ» በፊደል የተለዩ አሥር የእንጨት ክፍሎች አሉ። «ስናግ» ይሏቸዋል። እያንዳንዱ የራሱ በር አለው። ግድግዳው ጣሪያ ባይነካም ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ከአላፊ አግዳሚው ዓይን ይሰውራል። የበሮቹን ምሰሶ አንበሶችና ግሪፊኖች፣ ማለትም የንስር ራስና የአንበሳ ገላ ያላቸው የተረት አውሬዎች፣ ጋሻ ይዘው ይጠብቁታል። ውስጡ ግን ቁጥብ ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ክብሪት የሚጫርበት የነሐስ ቅይጥ ሰሌዳና አሳላፊ የሚጠራበት ደወል። ደንበኛው ሳይነሳና ሳይታይ እንዲያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። «ፐብ» የሚለው ቃል የወጣው «የሕዝብ ቤት» ከሚል ስያሜ ነውና፣ በሕዝብ ቤት ውስጥ የገመና ቦታ መሥራት ቀላል የንድፍ ጥያቄ አልነበረም። የእኛ አንባቢ ነገሩን በመጋረጃ ቢመስለው ብዙ አይሳሳትም። በነገሥታቱ ግብር ላይ ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ ያ ግን የማዕረግ ነው። በክራውን የአንድ ብርጭቆ ሒሳብ ያለው ሁሉ መጋረጃውን ለአንድ ሰዓት ይከራየዋል።

ጌጡን የሚያስቀድሙት ወገኖች የሚያነሡት መከራከሪያ አላቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ጣሊያናውያን ባለሙያዎች ከሥራ ሰዓት ውጭ እየመጡ አስጌጡት ይባላል፤ ስለዚህ ቤቱ በዋናነት የእጅ ጥበብ ሥራ ነው ይላሉ። ታሪኩ ይጥማል፤ ሴራሚኩ ግን የመጣው በእንግሊዝ ሽሮፕሸር፣ ጃክፊልድ ከሚገኘው የክሬቨን ደኒል ፋብሪካ ነው። የዚያ ዘመን ፋብሪካዎች እንዲህ ያለውን ሴራሚክ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለሆስፒታልም፣ ለመጠጥ ቤትም ይሸጡ ነበር። ይህን መናገር ጌጡን ማዋረድ አይደለም፤ ሊደገም የሚችል መሆኑን ማመልከት ብቻ ነው። ደግሞም ተደግሟል። የፊልም ዳይሬክተሩ ካሮል ሪድ በ1947 ለወጣው «ኦድ ማን አውት» ለተባለው ፊልም የክራውንን አምሳያ በስቱዲዮ አሠርቶ ቀረጸ። መልኩ ለካሜራ በቂ ነበር። ሰው እየኖረበት የቀጠለው ግን ቤልፋስት ያለው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሥነ ምግባራዊ ነው። ስናግ የመደብና የፆታ ልዩነት በእንጨት ሲገለጽ ነው፤ ሴቶች በአደባባይ ሲጠጡ መታየት ነውር በነበረበት ዘመን የተሠራን መደበቂያ ምን ብለን እናከብራለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያና በአየርላንድ ብዙ መጠጥ ቤቶች ክፍልፋያቸውን ያፈረሱት ግን ለእኩልነት ብቻ ብለው አልነበረም፤ ክፍት አዳራሽ ብዙ ሰው ይይዛል፣ ለቁጥጥርም ይመቻል። ልዩነቱን የሚመሰክረው ግድግዳ ከፈረሰ፣ ልዩነቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያሳየው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ስናጉ ውስጥ ማንም ይገባል፤ በሩ ግን ቀድሞ ምን ያደርግ እንደነበር አሁንም ይናገራል። ሌሎች ደግሞ «ከፍንዳታና ከጥገና በኋላ ኦሪጅናል የሚባል ምን ቀረው?» ይላሉ። ከጎዳናው ማዶ ያለው፣ በ1971 የተከፈተው ዩሮፓ ሆቴል በሰሜን አየርላንድ የፖለቲካ ግጭት ዘመን ከ30 ጊዜ በላይ የቦምብ ጥቃት ደርሶበታል፤ ክራውንም ፍንዳታውን ተጋርቷል፣ መስታወቱም በተደጋጋሚ ረግፏል። መስታወት ግን ይተካል። የተተካ መስታወት የቤቱን አሠራር አይለውጥም፤ አንድ ስናግ ቢነሳ ግን ይለወጣል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የቅርስ ጠባቂው ድርጅት የናሽናል ትረስት ውሳኔ ከተለመደው የቅርስ ጥበቃ የተሻለ ነበር። ድርጅቱ የገጣሚው ጆን ቤችማን ጉትጎታ ታክሎበት ቤቱን በ1978፣ ከተማዋ ገና በቦምብ እየታመሰች ሳለ ገዛው። በ1981 በ400,000 ፓውንድ አስጠገነው፤ ሙዚየም ግን አላደረገውም፤ ለመጠጥ ነጋዴ አከራይቶ መሸጡ እንዲቀጥል አደረገ። ቢራ የሚፈስበት ወለል ቶሎ ያልቃል ብሎ የሚሰጋ ይኖራል፤ ያልቃልም። ሰው የማይቀመጥበት ስናግ ግን ቁም ሣጥን ነው። እርግጥ የቤቱ ሕይወት እንደ ጥንቱ አልቀረም። ከሚያዝያ 2007 ወዲህ በሰሜን አየርላንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስ በሕግ ተከልክሏል። የክብሪት መጫሪያዎቹ ሰሌዳዎች ግን ከየስናጉ አልተነሱም።