ፒዲኤፍ ውስጥ የተቀመጠው ፎቶ

የልደት የምስክር ወረቀቱን ወይም የቤቱን ካርታ በስልክ አንስቶ ወደ ጽሕፈት አገልግሎታችን የሚመጣ ሰው፣ ፎቶው ፒዲኤፍ ሲሆን ወረቀት የሆነ ይመስለዋል። አይሆንም። ፒዲኤፍ የጄፔግ ፎቶን እንዳለ ተሸክሞ መሄድ ይችላል። እንደ ኢምግቱፒዲኤፍ ያሉ መቀየሪያዎች ጥራቱ እንዳይወርድ ፋይሉን ሳይነካኩ ስለሚከቱት፣ ኤግዚፍ የሚባለው መዝገብም አብሮ ይገባል፦ የስልኩ ሞዴል፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የካሜራው የቦታ ምዝገባ በርቶ ከነበረም ኬክሮስና ኬንትሮሱ። የሰነዱን «ፕሮፐርቲስ» ከፍቶ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም፤ እዚያ የሚታየው የፒዲኤፉ የራሱ መረጃ ነው።

ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አልችልም። ከሚያስፈራራት ሰው ሸሽታ የምትኖር ሴት መታወቂያዋን መኖሪያዋ ውስጥ አንስታ ብትልክ፣ ያለችበትን ቦታ ሰጥታለች። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ያሳንሰዋል፣ መዝገቡንም ያወጣዋል። ጽሑፉ እንዲነበብ «በፋይል ላኩልን» የምንለው ግን እኛ ነን፤ በፋይል የመጣ ደግሞ ሁሉን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማጽዳቱም የእኛ ግዴታ ነው።

የማጸዳው ከመቀየሬ በፊት፣ ፎቶው ላይ ነው። ኤግዚፍቱል የሚባለው የመዝገብ ማንበቢያና ማጽጃ መሣሪያ ፒዲኤፍ ላይ ቢሠራም የድሮውን መረጃ ከፋይሉ አያጠፋውም፤ የሚያውቅ ሰው ይመልሰዋል። ፎቶውንም ቢሆን በጭፍን ማጽዳት አይገባም። ስልክ ምስሉን በጎኑ አስቀምጦ አዟዟሩን ከ1 እስከ 8 ባለ ቁጥር ብቻ የሚመዘግብበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ ሲሰረዝ ገጹ ይጋደማል። መጀመሪያ ምስሉን ራሱን አዞራለሁ፣ ከዚያ እሰርዛለሁ። የቀለም ፕሮፋይሉን ግን እተወዋለሁ። እሱ ከጠፋ የአይፎን ፎቶ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ማኅተም ያለበት ሰነድ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የመታወቂያ ቁጥር የምሸፍነውም ፎቶው ላይ ነው። ፒዲኤፉ ላይ የተደረበ ጥቁር ሣጥን ይነሳል፤ እዚያው የተቆረጠ ጠርዝም የተደበቀ እንጂ የጠፋ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ ምስሎቹን ፒዲኤፍኢሜጅስ በሚባል መሣሪያ ከፒዲኤፉ መልሼ አውጥቼ በኤግዚፍቱል አነባቸዋለሁ። ይህን ሳላደርግ ሰነድ አላስረክብም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በቅጂው ላይ ነው። ዋናው ፎቶ ሳይነካ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የድንበር ክርክር ያለበት ሰው ነገ ያን ቀንና ቦታ በማስረጃነት ሊፈልገው ይችላል። መዝገቡ ለአንዱ አደጋ፣ ለሌላው ማስረጃ ስለሆነ ነው ገና ፋይሉን ሳልከፍት «ለማን ነው የሚሄደው?» ብዬ የምጠይቀው።