ስለ ዱቤ ካርድ ወርኃዊ ወረቀት

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማሪ ደብተር ሳርም ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ አሁን ደግሞ አንድ ወረቀት ላርም ተነሥቻለሁ። ወረቀቱ ልብ ወለድ አይደለም፤ ደራሲውም ስሙን አልጻፈበትም። በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ በልጄ ቤት በእንግድነት ተቀምጬ ሳለሁ፥ በየወሩ በፖስታ ይመጣለት የነበረ የዱቤ ካርድ የሒሳብ መግለጫ ነው። ሰዎች መጽሐፍ ይተቻሉ፥ ቴአትርም ይነቅፋሉ፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ በየወሩ የሚቀበለውን፥ አንዳንዱም ሳያነበው የሚከፍልበትን ይህን ጽሑፍ ግን እንደ ጽሑፍ ቈጥሮ የመረመረ ሰው አላጋጠመኝም። እኔ መርምሬዋለሁ፤ ያገኘሁበትን ጕድለት እጽፋለሁ፤ በጎነቱንም አልደብቅም።

አስቀድሞ ስሙን እናጥራ። በአገራችን ብዙ ሰው ካርድ ሲባል የሚያስበው፥ በባንክ ካስቀመጠው ከገዛ ገንዘቡ በኤቲኤም የሚያወጣበትን ነው። ያ ካርድ ሒሳቡ ባዶ ሲሆን አልሰጥም ይላል፤ ባለቤቱም የኪሱን ልክ ያውቃል። የዱቤ ካርድ ግን የሚያወጣው የባንኩን ገንዘብ ነው፤ እምቢ የሚለውም የሰውየው ገንዘብ ሲያልቅ ሳይሆን ባንኩ የወሰነለት ልክ ሲሞላ ነው። ፈረንጆች ክሬዲት ይሉታል፤ የቃሉም ሥር በላቲን ማመን ማለት ነው። እኛ ዱቤ እንለዋለን፤ ይኸውም የባለሱቁ ደብተር ቃል ነው። በኔ አሳብ ከሁለቱ ስሞች የኛው ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ ዱቤ ሲባል ያልተከፈለ ነገር መኖሩ ወዲያው ትዝ ይላልና።

ነገሩ ብዙ የቈየ አይደለም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1950 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ዳይነርስ ክለብ፥ ሰዎች በምግብ ቤት በልተው በካርድ እንዲፈርሙ ቢያደርግም ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ በሙሉ እንዲከፈለው ይጠይቅ ነበር። በ1958 ግን ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ፥ ፍሬስኖ በምትባለው ከተማ፥ ለ60,000 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ከ1976 ጀምሮ ቪዛ የተባለው ይኸው ካርድ ነው። አዲሱ ነገር ሰውየው ከዕዳው ጥቂቱን ከፍሎ የቀረውን ከወለድ ጋር ወደሚመጣው ወር ማሳለፍ መቻሉ ነበር። ላልጠየቀ ሰው ካርድ መላክ በ1970 በሕግ ተከለከለ፤ የማሳለፉ ልማድ ግን ጸና። በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ባንክ ራሱ በተቀመጠበት ክፍለ ግዛት የተፈቀደውን ወለድ በሌላ ክፍለ ግዛት ካለ ደንበኛውም ሊቀበል ይችላል ብሎ ፈረደ፤ ከዚያ ወዲያ የካርድ ሥራ የወለድ ጣራ ወደሌለባቸው እንደ ሳውዝ ዳኮታ ወዳሉ ግዛቶች ፈለሰ።

ልጄ ካርዱን ሲከላከል የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። «አባባ፥ እዚህ አገር ካርድ የሌለው ሰው እንደ ሌለ ይቈጠራል» አለኝ። እውነት ነው። መኪና የሚያከራየው፥ ሆቴሉም ካርድ ይጠይቃሉ። ቤት አከራዩ ሰውየው ዕዳውን እንዴት እንደ ከፈለ ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ተጽፎ ያየዋል፤ ነጥቡ የሚጠራቀመውም በመበደርና በመክፈል ነው። ከአገሩ ዋስ ይዞ ሊሄድ ለማይችል ስደተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥቂት መቶ ዶላር መያዣ አስቀምጦ ካርድ አውጥቶ ስሙን ማሳመር ይችላል። ካርዱ ቢሰረቅ ሌባው የገዛውን ሁሉ እንዲከፍል አይገደድም፤ ሕጉ በባለቤቱ ላይ የሚጥለው ከ50 ዶላር አያልፍም። ሒሳቡ ከተላከለት በኋላም ቢያንስ 21 ቀን ጊዜ አለው፤ በዚያ ውስጥ ሁሉንም ቢከፍል በአብዛኛው ካርድ ላይ ለገዛው ዕቃ አንድ ሳንቲም ወለድ አይታሰብበትም። እንደዚህ ለሚከፍል ሰው ካርዱ ይጠቅመዋል ብዬ ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ። የሚቸገረው ሌላው ነው፤ ወረቀቱም የተጻፈው ለዚያ ለሌላው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ። በላይኛው ማዕዘን በትልልቅ ፊደል ሁለት ቍጥሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው ያለው ዕዳ ነው፤ 3,000 ዶላር። ሁለተኛው በዚህ ወር ሊከፈል የሚገባው ዝቅተኛ ክፍያ ይባላል፤ 90 ዶላር። ቀይ እስክሪብቶዬን ያወጣሁት እዚህ ላይ ነው። ሊከፈል የሚገባው ይላል፤ ገባ የሚለውን ቃል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር የግዴታ ቃል እንደ ሆነ ነበር የተነገረን። ሰው የሚገባውን ካደረገ ግዴታውን ፈጽሞአል። እንግዲህ 90 ዶላር የከፈለ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ የዘገየም አይባል፥ ነጥቡም በመዘግየት አይቀነስበት። ነገር ግን ልጄ የሚከፍለው ወለድ በዓመት 24 በመቶ ነው፤ ይህም በወር 2 በመቶ ማለት ነው። ከ90ው ዶላር 60ው ለወለድ ሄዶ ዕዳው የሚቀነሰው በ30 ብቻ ነው። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ፤ ከዚያ ያለፈውን እኛ አራጣ እንለዋለን። በሲልቨር ስፕሪንግ የዚያ እጥፍ፥ ምስጋና ካለበት ደብዳቤ ጋር በፖስታ ይመጣል።

ሌላም ብልሃት አለበት። ዝቅተኛው ክፍያ ዕዳው ሲያንስ አብሮ ያንሳል። ልጄ የቈዩትን ወረቀቶች በጫማ ካርቶን አስቀምጦ ስለ ነበር አንድ በአንድ አየኋቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ዕዳው 4,300 ዶላር፥ ዝቅተኛው ክፍያም 129 ነበር። እርሱም ክፍያው እየቀለለ መሄዱን እንደ እፎይታ ቈጥሮት ነበር። ደመርሁት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም አዲስ ዕቃ በካርዱ ሳይገዛ 3,900 ዶላር ያህል ከፍሎአል፤ ዕዳው የቀነሰው ግን በ1,300 ብቻ ነው።

በፍርድ ላለመበደል፥ እዚያው ወረቀት ላይ በታች በኩል አንድ ሣጥን መኖሩን መናገር አለብኝ። በ2009 የወጣው ሕግ፥ ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳው መቼ እንደሚያልቅለትና በ36 ወር ለመጨረስ በየወሩ ስንት መክፈል እንዳለበት ባንኩ እንዲጽፍ ያስገድዳል። በወረቀቱ ላይ ካሉት ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደ አስተማሪ ሙሉ ማርክ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ የሚያሳዝነው ባንኩ ወዶ ያልጻፈው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት በዚያ ሣጥን የተጻፈው ቍጥር 169 ነበር። በየወሩ 40 ዶላር ጨምሮ ከዚያው ሳያወርድ ቢከፍል ኖሮ እኔ በገባሁበት ሰሞን ካርቶኑን ለመጣል በቻለ ነበር። ለምን እንዳላነበበው ጠየቅሁት። «አነበብሁት፤ ነገር ግን በላይ ያለው ቍጥር በቂ ነው የሚል መሰለኝ» አለ።

እስከዚህ ድረስ ባንኩን ስነቅፍ መጣሁ። ካርቶኑን እስከ ታች ስጨርሰው ግን ዕዳው የተጀመረበትን ቀን አገኘሁ፤ ቀኑን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ያረፈችበት ሳምንት ነው። 4,300ው ዶላር የልጄና የሚስቱ፥ የልጁም የአውሮፕላን ቲኬት ነበር፤ በአንድ ሌሊት የተገዛ ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ብሏል። በእጁ የነበረውን ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ለድንኳኑና ለለቀስተኛው ምግብ እኔው ተቀብዬዋለሁ። ስንት እንደ ቀረህ ብዬ አልጠየቅሁትም። እንዲያውም ጎረቤት «አሜሪካ ልጅ ያለው አባት ምን ይቸግረዋል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልሁ። በሦስቱ ዓመታት መካከልም የጣራውን ቆርቆሮ ላስለውጥ ብዬ ጽፌለት ልኮልኛል። ወረቀቱ የአየር መንገዱን ስምና የገንዘቡን ልክ ይጽፋል እንጂ ሰውየው ለማን ብሎ እንደ ተበደረ አይጽፍም፤ እኔም እስከዚያች ቀን አላነበብሁትም።

በጥንት ዘመን በአገራችን ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ቁራኛ ይታሰር ነበር። ጨካኝ ሥርዓት ነው፤ እንዲመለስም አልመኝም። ይሁን እንጂ አበዳሪው ራሱ ከሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ይይዝ ስለ ነበር ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ እርሱም ይቸኵላል። መንገደኛውም ያያቸዋል፥ ዘመድም ሰምቶ ያዋጣል። የካርዱ ባለዕዳ ግን ብቻውን ታስሮ ሱፍ ለብሶ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ የሚቸኵል ማንም የለም። ልጄ ለሦስት ዓመት ለእኅቱ እንኳ አልነገረም። እኔ ወረቀቱን ባገኘሁበት ማታ «አባባ፥ አይጨነቁ፤ ዕዳው ገብስ ነው» ብሎ ሳቀ፤ አባባሉን በልጅነቱ ከናቱ የሰማው ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ካርዱን ቈርጦ መጣል ነው ይላሉ። እኔ እንደዚህ አልፈርድም። ካርዱን ቢቈርጠው ዕዳው አይቈረጥም፤ ቲኬቱንም ያኔ ባይገዛ ኖሮ እናቱን ሳይቀብር ይቀር ነበር፤ ለዚህ 24 በመቶ መክፈሉን ስሕተት ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ስሕተቱ ከቀብሩ በኋላ ነው፤ እኛ ሳንጠይቅ፥ እርሱም ሳይናገር ያሳለፍናቸው ወራት ናቸው። የኔ መምጫ ቲኬት የተገዛው በካርዱ እንዳልሆነ ሲነግረኝ ጥቂት ተጽናናሁ፤ ኋላ ግን ያጠራቀመው ያ ገንዘብ የዕዳውን ግማሽ ያህል ይከፍል እንደ ነበር ሳሰላው መጽናናቴ ቀረ።

በማግሥቱ ከርሱ ጋር ማዕዱ ላይ ተቀምጠን በአሁኑ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ያለውን ቍጥር አየን፤ 118 ይላል። በየወሩ ይህንኑ ሊከፍልና ዝቅተኛው ክፍያ ቢቀንስም እርሱ ላይቀንስ ወሰነ። በዚያው ሳምንት የናያጋራን ፏፏቴ ሊያሳየኝ መኪናና ሆቴል በካርዱ ሊይዝ አስቦ ነበር። እግሬን ያመኛል ብዬ ቀረሁ። እግሬን አላመመኝም ነበር።