«ርካሽ» ቮልስ

እናላችሁ፣ ጌጃ ሰፈር የቆመች አሮጌ ቮልስ «በርካሽ ግዛትና አሳድሳት» ተባልኩ። ማማሯስ ታምራለች። ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ አየር፤ የራዲያተር ሐሳብ የለም። ግን ርካሹ ምኗ ነው? ቆርቆሮዋ ነዋ! የዘሯ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከተመረተች ወዲህ አዲስ የለም፤ አንዷን ለማዳን ብዙ ጊዜ ሌላዋ ትበለታለች። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌው ሁሉ «ክላሲክ» ሆኗል።

እኔን የሚያናድደኝ እድሳት የምንለው ነገር ነው። ወለሏን ዝገት በልቶት፣ ፍሬኗ ሳይታይ፣ ቀለም ቀብቶ ለሠርግ አጃቢ! ላይ ላዩን አሳምሮ «ታደሰ» ማለትን በመኪና ብቻ የለመድነው መሰላችሁ? ፍርዴ ይኸው፦ ለወለሏና ለፍሬኗ የሚበቃ ገንዘብ ካልያዝኩ፣ በነፃም ብትሰጡኝ አልወስዳትም።