ቀድቶ ሄደ

የጓደኛዬ አርባ በወጣ ማግስት እህቱ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክና ሁለት ሚሞሪ ካርድ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «አንተ ታውቅበታለህ» አለችኝ። አላውቅበትም። እኔ ስለ ሙዚቃ እጽፋለሁ እንጂ ሙዚቃ ሲቀዳ የኖረው እሱ ነው።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበር። ቀን ቀን እንግዶችን ከቤተ መድኃኔ ዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ይዞ ይዞራል፤ ማታ ማታ ጠጅ ቤት ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ይሄን ያደረገው ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመም አልጋ ላይ እስካዋለው እስከ 2015 ድረስ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የላስታ ልጆች ከሆናችሁ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አውቃችሁታል።

ከመቶ በላይ ፋይል አለ። አብዛኛው ስልኩ ራሱ የሰጠው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የወደዳቸውን ግን ስም አውጥቶላቸዋል፦ «ጠጅ ቤት ዝናብ»፣ «ሠርግ ገነተ ማርያም»፣ «ጀነሬተር»፣ «የእማማ ደጅ»። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ቤተሰቡ «ለሰው ይሰማለት» አሉ። እኔም መርጬ በቴሌግራም ላካፍል ቃል ገባሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ስቀመጥበት ነው የገባኝ፤ መምረጥ መተቸት ነው፣ የሞተ ጓደኛን ሥራ መተቸት ደግሞ ከለቅሶ ቤት ወጥቶ ስለ ንፍሮው ጨው እንደ ማውራት ነው። ቢሆንም ላድርገው።

በአማርኛ ጠጅም ይቀዳል፣ ውኃም ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል። እሱ በዚህ ቃል መጫወት አይሰለቸውም ነበር። «ጠጅ ቤት ዝናብ» ላይ፣ አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ አዝማሪዋን «ተቀበይ!» ይልና የራሱን ስንኝ ይሰጣታል፦

ጠጁን ሲቀዱልኝ ብርሌዬ ሲሞላ፣
ድምፅሽን ቀዳሁት እንዳይቀር በኋላ።

ጓደኛዬ ስለሆነ አልዋሽለትም። ግጥሙ ደካማ ነው። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ አንዱ ሌላውን አልሸፈነውም። አዝማሪዋም ያወቀችበት ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደተሰጣት ተቀብላ፣ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ማሲንቆውን ትንሽ አዘግይታ ገለበጠችበት፦

ድምፄን ቀድቶ ሄደ ዋጋ ሳያሟላ።

ቤቱ ይፈነዳል። እሱ ራሱ ከሁሉም በላይ ሲስቅ ይሰማል፤ ስልኩ አጠገቡ ስለሆነ ሳቁ ማሲንቆውን ይውጠዋል። እንደ ቀረጻ ብታዩት ይሄ ስህተት ነው። እኔ ግን ከመቶዎቹ ፋይሎች አንድ ደቂቃ ብቻ አስቀር ብባል ይቺን ነው የማስቀር፤ ጓደኛዬ ስለሳቀባት ብቻ አይደለም። የአዝማሪ ጥበብ ግማሹ የሚፈጠረው ሰሚው ጋ ነው። ሰሚው ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያሳምራል፣ ወይም እንደዚች ሴት መልሶ ይወጋዋል። ሽልማቱ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ይሄ ሁሉ በሌለበት የተቀዳ የአዝማሪ ዘፈን ጥሩ ዘፈን ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታ ግን አይደለም።

ስቱዲዮን መናቄ አይደለም። የወሎን ዜማ አገር ያወቀው በመድረክና በካሴት ነው። ማሪቱ ለገሰ የወጣችበትን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ያህል አምባሰልንና ባቲን ከወንዛቸው አሻግሮ ያሰማ ጥቂት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ ያወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እንኳ ገና ሁለተኛው ቁጥር ላይ የዘመኑን የአዲስ አበባ አዝማሪዎች ነው ያቀረበው። ግን አልበም አልበም ነው፤ ይመረጣል፣ ይቆረጣል፣ ሰው ቤት ሊገባ ሲል ጫማውን ያራግፋል። የጓደኛዬ ቅጂዎች ጫማቸውን አላራገፉም።

«ጠጅ ቤት ዝናብ» ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ዝናብ ናቸው፤ የላስታ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ። ማሲንቆው ከሥር አለ፤ ሲኖር ሲጠፋ። አዝማሪዋ አትዘፍንም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች። አንድ ሰው «ቆርቆሮውን ሸልሙት!» ይላል። ከዚያ ዝናቡ ሳሳ ሲል፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ሆና በትዝታ ትገባለች። ሌላ ሰው ቢሆን አራቱን ደቂቃ ይቆርጥ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ቆርጬው ነበር። ስቆርጠው አገባቧ ተራ ሆነ። መልሼ ቀጠልኩት።

ቆየት ብሎ ከወዲያ ጥግ «አምባሰል!» የሚል ጥሪ ይመጣል። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ ያውም የፈረስ ጭራ። አራቱም ቅኝት፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺ ሆዬም፣ ከዚያች አንድ ክር ላይ በጣት ተፈልጎ ነው የሚገኘው። አጃቢዋ ጣቱን ሲፈልግ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሰማል፤ አንዴ ይስታል፣ ይመለሳል፣ ያገኘዋል። ካሴት ላይ ይሄን አትሰሙም። ቅኝት ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ሳይሆን ይቺን ግማሽ ደቂቃ ነው የምልክለት።

ደግሞ እጁ ነበረው። ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አያኖረውም፤ ጋቢውን አጥፎ ከሥሩ ያደርጋል፣ የብርሌው ኳኳታ በእንጨቱ አልፎ እንዳይገባ። ከአዝማሪው ፊት ለፊት አይቀመጥም፣ ትንሽ ወደ ጎን ነው። ማንም አላስተማረውም። የማይሆንለት ማቆም ነበር። ሠርጎቹን በተለይ መስማት ያደክማል፤ ጭፈራው አልቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ የሚታጠብ ብረት ድስት ድምፅ ሁሉ ተቀድቷል። «ሠርግ ገነተ ማርያም» ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ነው የወሰድኩት፤ በዚህ አልጸጸትም።

እንደሱ ዓይነት ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። ማይክ ሚላርድ የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሮክ ኮንሰርቶችን ይቀዳ ነበር፤ መቅረጫውን ተሽከርካሪ ወንበር ውስጥ ደብቆ፣ መራመድ የማይችል ሰው መስሎ። በ1994 ሞተ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጓደኞቹ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያነጠፉ፣ ከእያንዳንዱ ጋር የዚያን ምሽት ትዝታ እየጻፉ ማካፈል ጀመሩ። ግሬትፉል ዴድ የሚባለው ባንድ ደግሞ በ1984 ለሚቀዱ አድማጮች ለብቻ ቦታ ከለለላቸው፤ ቅዱ፣ ተለዋወጡ፣ አትሽጡ በሚል መንፈስ። የእኛው ሰው መደበቅ አላስፈለገውም። ጠጅ ቤት ውስጥ ስልክ አውጥተህ ብትቀዳ ማን ምን ይልሃል?

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ማንም ምንም ስላላለ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ይሰጣል። ያልተቀረጸ ክዋኔ እንዲቀረጽ፣ የተቀረጸው ተባዝቶ እንዲሰራጭ መፍቀድ የከዋኙ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ ሃምሳ ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ «የጓደኛዬ ቅጂዎች» እያልኩ የምጠራቸው ነገሮች በሕግ ዓይን በዋናነት የጓደኛዬ አይደሉም። የእኔማ ጭራሽ አይደሉም። ቤተሰቡ «ለሰው ይሰማለት» ሲል የፈቀደው የራሱን ሐዘን ነው፤ የአዝማሪዋን ድምፅ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ይሄን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው። አንዱን ቅጂ ለሦስት ሰዎች ልኬ፣ በሳምንቱ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ላይ የራሱ ሎጎ ተለጥፎበት፣ ኪቦርድ ተጨምሮበት፣ የተራራ ፎቶ እያለፈበት ካየሁት በኋላ። ዝናቡን ደግሞ በሶፍትዌር «አጽድተውታል»። ዝናቡ ሲወጣ ጭብጨባውም አብሮ ወጥቷል፤ ማሲንቆው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ መስሏል።

ያላካፈልኳቸውም አሉ። በተለይ የ2012 እና የ2013። መጀመሪያ ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ቱሪስት የሌለበት የላሊበላ ጠጅ ቤት ሌላ ቤት ነው። አዝማሪው ፈረንጅ ማሳቁን ትቶ ለጎረቤቱ ነው የሚጫወተው፤ ስንኙ ይሾላል፣ ስም ይጠራል። እንደ ጥበብ ከሆነ ከሁሉም የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። ግን በዚያ ክረምት በእገሌ ላይ የተባለ ስንኝ ዛሬም ሰው ያጣላል፤ የተናገረችው ሴት ደግሞ እዚያው ከተማ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ስለነሱ ይሄን ያህል ብቻ ብዬ እተዋለሁ።

ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ ቅጂው ይቋረጣል። ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ መብራትና ስልክ ጠፋ። የሚቀጥለው ፋይል የ2014 የገና ነው። በመካከሉ ያለውን አምስት ወር ስልኩ አያውቀውም፤ እሱም አውርቶልኝ አያውቅም።

የገናው ቅጂ ቤዛ ኩሉ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ቤተ ማርያም ከዐለት ተፈልፍሎ የወረደ ስለሆነ ዙሪያውን ገደል መሳይ ግድግዳ አለው። ካህናቱ ገሚሱ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ገሚሱ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው ይባላል። ቴሌቪዥን ሁሉንም ከላይ ነው የሚያሳያችሁ። ጓደኛዬ ከታች፣ ስልኩን ደረቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ነው የቀዳው። ነጠላው ማይኩን ስለሚፈትገው ድምፁ ገጣባ ነው። ዜማው ከላይ ሲወርድ ግን ዐለቱ ላይ ተመትቶ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከታች ያሉት ያንን ጠብቀው ነው የሚያነሡት። እሱ ራሱ ከሕዝቡ ጋር ሊያነሣ ይሞክርና ድምፁ ይቆረጣል። ሁለቴ። ይሄን አንዱን ነው ያለ ምንም ማብራሪያ የለቀቅኩት።

የቀረው «የእማማ ደጅ» ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ እየዘፈኑ የሚመርቁትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ላሊበላ ይባላሉ፣ ሐሚናም የሚሏቸው አሉ። ይሄን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል የቆየ እምነት አለ። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ በ2005 እ.ኤ.አ. ፊልም ሠርቶባቸዋል። የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚመጡ፣ ተኝተህ ስምህ ሲዘፈን ነው የምትነቃው። ጓደኛዬም የነቃው እንደዚያ ነው። ስልኩን መስኮቱ ላይ አድርጎ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተመልሷል። ውጭ ሴትና ወንድ ተቀባብለው ስሙን ይጠራሉ፤ ዕድሜ ይመርቁለታል፣ ትዳር ይመርቁለታል። ውሻ ይጮኻል። እናቱ ከጓዳ «ስንት አለህ?» ትለዋለች። «አሥር።» «ጨምርበት እንጂ!» በሩ ይከፈታል፤ ምርቃቱ ከፍ ይላል። ስድስት ደቂቃ ነው። ከሁሉም የተሟላው ሥራ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ሰው አለበት። ለእናቱ አሰማኋቸው። እስኪያልቅ ሰሙና «ይሄ ከቤት አይውጣ» አሉ። አንድ ቃል አልተከራከርኩም፤ ተቺው ግን አሁንም ውስጤ ይከራከራል።

የዝናቡን አዝማሪ ፈልጌ ያገኘኋት ለሙት ዓመቱ ላሊበላ ስሄድ ነው። ስልኩን ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሃያ ሦስቱንም ደቂቃ ሰማች፤ ዝናቡንም ጭምር። አጃቢዋ ጣቱ የሳተበት ላይ «ይሄ ሰካራም!» አለች። የእሱ ስንኝ ጋ ስትደርስ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ «ነፍሱን ይማር» አለች። ላካፍለው እንደምፈልግ ነግሬ ብትፈቅጂልኝ አልኳት።

«ሰው በነጻ ነው እንዴ የሚሰማው?» አለችኝ።

አሁን ቅጂው የቴሌብር ቁጥሯ ከሥሩ ተጽፎ ነው የተለቀቀው። የመጀመሪያውን መቶ ብር የላከችው የጓደኛዬ እህት ናት፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የቀረው ዋጋ» ብላ ጽፋ።